ስለ ገና የተጠየቀ አንድ የቆየ ጥያቄ

ባለፈው ኅዳር፥ ጾመ ነቢያት በገባ በሁለተኛው እሑድ፥ ከቅዳሴ መልስ ዘመዶቻችን በቤታችን ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ፥ በውጭ አገር ተወልዶ ያደገው የወንድማችን ልጅ ከስልኩ አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን አሰማን። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት የተዘፈነውንና ወላጆቻቸው በወጣትነታቸው ይሰሙት የነበረውን የሮክና የፖፕ ሙዚቃ እየፈለጉ ማድመጥ፥ ዛሬ በእርሱ እኩዮች ዘንድ የተወደደ ልማድ ሆኖአል። ከእንግዶቻችን አንዱ አዛውንት «ልጄ፥ ጾም አይደለም ወይ?» ብለው ሊከለክሉት ቢቃጡ፥ ልጁ «አባባ፥ ይህ እኮ ስለ እኛ አገር የተዘፈነ ነው» ሲል መለሰላቸው። ስለዚህም ዝም ብለን ሰማነው።

የዘፈኑ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. በራብ ምክንያት ከላስታ ተሰደው በቆረም መጠለያ የከረሙት አክስታችን ትርጕሙን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው «የማያውቀው ማነው?» አሉ። ልጁ አፈረ። እኛም ለእርሱም ለእርሳቸውም የሚበቃ መልስ በዚያን ሰዓት አላገኘንም ነበርና፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን በዚህ ወር ልንጽፈው ወደድን።

ማክሰኞ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚን በቆረም ያነሡት ፊልም በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ጋዜጠኛው በሜዳ ላይ በብርድ ተቈራምቶ የሚነጋለትን ሕዝብ ባየ ጊዜ፥ መከራውን በመጽሐፍ ቅዱስ ከተነገረው ራብ ጋራ አመሳስሎ ተናገረ። ይህን ፊልም በቤታቸው ተቀምጠው ካዩት አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የተባለው ዘፋኝ ነው። ጌልዶፍ የአየርላንድ ተወላጅ ነው፤ አየርላንድ ደግሞ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1845 እስከ 1852 ድረስ፥ የድንች ሰብል በበሽታ ስለ ጠፋባት አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በራብና በተስቦ ያለቀባት አገር ናት። በልቡ የነበረውን እኛ ልናውቅ አንችልም፤ ነገር ግን ራብን ከሩቅ ብቻ ከሰማ ሕዝብ የተወለደ አልነበረም።

ጌልዶፍ ግጥሙን፥ ሚጅ ዩር የተባለው ባልንጀራው ዜማውን ይዘው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዘጋጁት። እሑድ ኅዳር 16 ቀንም በለንደን ከተማ፥ ኖቲንግ ሂል በሚባለው ሰፈር በሚገኝ ስቱዲዮ፥ የዘመኑ ስመ ጥር ዘፋኞች ተሰበሰቡ። ስቲንግ፥ ቦኖ፥ ጆርጅ ማይክል ነበሩ፤ ቦይ ጆርጅ ከኒው ዮርክ ኮንኮርድ በተባለው አውሮፕላን ተሳፍሮ በዚያው ዕለት ደረሰ፤ ከበሮውን ፊል ኮሊንስ መታ። ጆሮአችን ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ብዙ የለመደ ባይሆንም፥ ደጋግመን ስንሰማው የዘመኑን ጠባይ ለይተን ለማወቅ ችለናል። በዚያን ጊዜ ሲንተሳይዘር የሚባለው መሣሪያ የደወሉንም የአውታሩንም ድምፅ በአንድ ገበታ ላይ አስቀምጦት ነበርና፥ ሚጅ ዩር ዜማውን በቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ሊያቀናብረው ችሎአል። በመጀመሪያው ላይ የሚሰማው ከባድ የከበሮ ድምፅ እንኳ ቲርስ ፎር ፊርስ ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ሸክላ የተቀዳ ነው። በመጨረሻው ሁሉም ባንድነት የሚያዜሙበት ክፍል ግን የሰው ድምፅ ስለ ሆነ፥ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን እርሱ ነው።

ሸክላው ኅዳር 24 ቀን ለሽያጭ ወጣ። ጌልዶፍ 70 ሺሕ ፓውንድ ያህል ቢገኝ ብሎ ተስፋ አድርጎ ሳለ፥ በ12 ወር ውስጥ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ተገኘበት። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በመጀመሪያ የሽያጩን ቀረጥ አልተውም ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን የሕዝቡ ቍጣ ስለ በረታበት ከቀረጡ ጋራ እኩል የሆነ ገንዘብ ለርዳታው መለሰ። በዚያ ዓመት በአውሮፓውያን ገና ሰሞን በእንግሊዝ ገበያ ሁለተኛ የሆነው የጆርጅ ማይክል ዘፈንም ገቢው ለዚሁ ለራብተኛው ሕዝብ ተሰጠ። ይህን ሁሉ የምንጽፈው፥ ሰጪ የተመሰገነበትን ነገር ከማስታወሳችን በፊት ቅሬታችንን ብንናገር ነውር ስለሚሆንብን ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዘፈኑ የተቀረጸበትን ቀን አንባቢዎቻችን ልብ ብላችሁት ይሆናል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ እነዚያ ዘፋኞች በለንደን «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» እያሉ ሲያዜሙ፥ የሚጠየቅለት ሕዝብ የገናን ጾም ከያዘ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የምግብ መታጣት ጾሙን ከራቡ ለመለየት ቢያስቸግርም፥ ቀኑን የሚቈጥር አልጠፋም። ከቆረም በስተ ደቡብ ምዕራብ ላሊበላ አለ፤ በዚያ ገና ሲከበር የንጉሡም የልደት ቀን አብሮ ይታሰባል፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ላይና ታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ይወርባሉ። ወንጌልም በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገንዘቡ ላይ መስቀል ቀርጾአል፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጵጵስና የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። የአንግሎ ሳክሶንን ነገድ ለማስተማር የሮም መልእክተኞች በእንግሊዝ አገር የደረሱት ግን በ597 ዓመት ነበር። አክስታችን ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ «የማያውቀው ማነው?» ያሉት ግን ከዚሁ ወጥቶ ነው።

ለጸሐፊዎቹ ፍርድ እንስጥ ከተባለ፥ ጥያቄው የተሰነዘረው ወደ እኛ ሳይሆን በሞላ ማዕድ ዙሪያ ወደ ተቀመጡት ወደ ራሳቸው ወገኖች ነው፤ የሚያማቸውን ቦታ ፈልገው ነኩት። በዚህ ረገድ አንወቅሳቸውም። ነገር ግን ግጥሙ አፍሪካን በሙሉ ዝናምና ወንዝ የሌላት አንዲት ምድረ በዳ አድርጎ መሣሉ፥ የተከዜ ምንጭ ከሆነችው ከላስታ ለተሰደደ ሰው እንዴት እንደሚሰማው አላሰቡበትም። ደግሞም እውነቱን እንናገር ብንል፥ ያን ሕዝብ የጨረሰው የዝናም መቅረት ብቻ አልነበረም። በሰሜን ጦርነት ነበረ፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. በቆረም ሰው እየሞተ ሳለ፥ በአዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል በብዙ ወጪ ይከበር ነበር። ስለዚህ የራሳችን ሰዎች ያላወቁትን ባዕዳን አላወቁም ብለን ብዙ ለመቈጣት አፋችን ይያዛል።

ከለንደኑ ዘፈን በኋላ አሜሪካውያን ተከተሉ። ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የጻፉትን፥ ክዊንሲ ጆንስም የመራውን ዘፈን ከ40 የሚበልጡ ዘፋኞች በሎስ አንጀለስ የቀረጹት ጥር 20 ለ21 አጥቢያ፥ ማለት በአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ሌሊት ነው። ክዊንሲ ጆንስ እያንዳንዱ ዘፋኝ ትዕቢቱን ከደጅ ጥሎ እንዲገባ በበሩ ላይ ጽፎ ለጠፈ። በዚያ ሌሊት የሆነውን አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዐይነ ስውሩ ስቲቪ ዎንደር ከዘፈኑ ውስጥ በስዋሂሊ ቋንቋ የሚባል ቃል ይግባ የሚል አሳብ አቀረበ፤ ክርክርም ተነሣ። እዚያ የነበረው ጌልዶፍ ኢትዮጵያውያን ስዋሂሊ እንደማይናገሩ አስረዳቸውና አሳቡ ቀረ። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ስቲቪ ዎንደር የጋበዛቸው ሁለት ኢትዮጵያውያት ሴቶች ገብተው ዘፋኞቹን ስለ ሕዝባቸው አመሰገኑ፤ ብዙዎቹም አለቀሱ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለማያውቁት ሕዝብ ሲያዜሙ የነበሩት፥ የዚያን ሕዝብ ሰው ፊት ለፊት አዩ። ይህ ዘፈን ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቶአል፤ ለእኛ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የእነዚያ ሁለት ሴቶች ነገር ይታሰበናል።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፥ ጾመ ሐዋርያት በተፈታ በማግስቱ፥ በለንደን በዌምብሌይና በአሜሪካ በፊላደልፊያ ታላቁ የርዳታ ኮንሰርት ተደረገ። ስለ ኩዊን የ20 ደቂቃ ጨዋታ ዛሬም መጻሕፍት ይጻፋሉ፤ እርሱን ለሚያውቁት እንተወው። በዚያ ቀን በታየው ፊልም ላይ ለሞት የተቃረበች አንዲት ሕፃን ነበረች። ብርሃን ወልዱ ትባላለች፤ ድና፥ አድጋ፥ የግብርና ትምህርት ተምራ፥ በ1997 ዓ.ም. በለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው ኮንሰርት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆመች። የገናው ዘፈንም በየጊዜው በአዲስ ድምፅ ተዘፍኖአል። በ2007 ዓ.ም. ስለ ኢቦላ በሽታ ግጥሙን ለውጠው ዘፈኑት፤ በ2017 ዓ.ም. 40ኛ ዓመቱን ለማክበር ሲወጣ፥ ኤድ ሺራን የተባለው ዘፋኝ ፈቃዱ ቢጠየቅ ኖሮ የቀድሞው ድምፁ እንዲገባበት እንደማይፈቅድ ተናገረ። ጥያቄው ወደ ጠያቂዎቹ ተመልሶ መሄድ ጀምሮአል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አጠናቅረን በሌላ እሑድ ለአክስታችን አነበብንላቸው። ስለ ገንዘቡ ሲሰሙ «እግዜር ይስጣቸው፤ ስንዴውንም ፋፋውንም በልተናል» አሉ። ስለ ገናውም ነገሩን። በመጠለያው ውስጥ ከተሰደዱት መካከል አንድ ቄስ እንደ ነበሩ፥ በገና ሌሊት መቆም የቻለው ሁሉ በዙሪያቸው ቆሞ እንዳደረ፥ ከበሮ ስለሌለ በእጃቸው እያጨበጨቡ እንዳሸበሸቡ፥ ሲነጋ ጾሙን የሚፈቱበት ነገር እንዳልነበራቸውና ስንዴው በማግስቱ እንደ ደረሰ አጫወቱን። የበኵር ልጃቸው ያን ገና አልደረሰም።

ከዚያም «ለመሆኑ የዘፈኑት መቼ ነው አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። የወንድማችን ልጅ «ኅዳር 16 ነው፥ እትዬ፤ እሑድ ቀን» አላቸው።

«ኪዳነ ምሕረት» አሉ፤ በጣታቸው ቀኑን ቈጥረው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ያን ቀን ገና መንገድ ላይ ነበርን። ልጁ በጀርባዬ ነበር፤ ይናገር ነበር» አሉን። ልጁም ስልኩን ሊያስቀምጥ ሲል «ተወው፥ እስኪ እንደገና ከመጀመሪያው አሰማኝ» አሉት።