ካቴና ስንት ጊዜ ይቆረጣል?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፍቅርም፣ ስለ ኳስም፣ ስለ ፖለቲካም አይደለም፡፡ ስለ ሞተር ሳይክል ካቴና ነው፡፡ ሰንሰለት የምትሉትም ያው ነው፡፡ ሞተር የሌላችሁ ደግሞ ገጹን ለመዝጋት አትቸኩሉ፤ ምሳችሁን ወይ ያዘዛችሁትን ጫማ ይዞ በራችሁ ላይ የሚቆመው ልጅ የመጣው በዚችው ካቴና ነው፡፡

ነገሩን ያስጀመረኝ የአክስቴ ልጅ ነው፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ዕቃ ያደርሳል፡፡ ሞተሯ የእሱ አይደለችም፤ ለባለቤቷ በየቀኑ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈችውን ለራሱ ይይዛል፡፡ ውላቸው የቃል ነው፡- «ትልቁን ጥገና እኔ፣ ትንሽ ትንሹን አንተ»፡፡ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፣ ካቴና ትልቅ ነው ትንሽ? ባለቤቱ ትንሽ ነው ይላሉ፡፡ ልጁ ትልቅ ነው ይላል፡፡ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ መካኒኩ ካቴናውን ይቆርጠዋል፡፡

መቁረጥ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ሞተር የምትነዱ ታውቁታላችሁ፡፡ ካቴናው ረዝሞ ይላላል፡፡ የኋላው ጎማ ወደ ኋላ እየተሳበ ይወጠራል፡፡ መወጠሪያው መጨረሻው ላይ ሲደርስ መካኒኩ ከካቴናው ላይ ጥንድ ዓይን አውጥቶ ያሳጥርና «በቃ፣ ገና ይሰራል» ብሎ ይሸኛችኋል፡፡ የአክስቴ ልጅ ካቴና ሁለት ጊዜ ተቆርጧል፡፡ በሶስተኛው ራሱ ተቆረጠ፡፡

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን እየወጣ፣ ከኋላው ካርቶን ጭኖ፣ ማርሽ ቀንሶ ጋዝ ሲሰጥ ነው የሆነው፡፡ የተበጠሰው ካቴና ጥርሱ ላይ ተጠምጥሞ የኋላውን ጎማ ቀጥ አደረገው፡፡ ልጁ ወደቀ፣ ሞተሯ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወደቀች፣ ከኋላው የነበረው ሚኒባስ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ፍሬን ያዘ፡፡ ሁለት ወር በጀሶ ተቀመጠ፡፡ ሁለት ወር ገቢ የለም፡፡ የሞተሯን ጥገና ያው ባለቤቱ ቻሉ፤ ያኔ «ትልቅ» ሆነ ማለት ነው፡፡

እኔ የምለው ይሄን ነው፡- ካቴና መቀየር አለበት ወይስ ገና ነው የሚለውን ጥያቄ ባለቤቱም፣ ነጂውም፣ መካኒኩም መወሰን የለባቸውም፡፡ ማስመሪያ ይወስን፡፡ ትምህርት ቤት የምንይዛት ባለ 30 ሳንቲሜትሯ ማስመሪያ!

እንዴት መሰላችሁ? ካቴና «ተለጠጠ» እንላለን እንጂ ብረቱ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም፡፡ በየመጋጠሚያው ያለችው ፒንና ፒኗን የያዘችው ቀለበት እየተፋጩ ያልቃሉ፡፡ በአንድ መጋጠሚያ ላይ አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ብቻ ብታልቅ ዓይን አያያትም፡፡ ነገር ግን በትንንሾቹ ሞተሮች ካቴና ላይ ወደ 120 የሚጠጋ መጋጠሚያ አለ፡፡ 120 ጊዜ አንድ አስረኛ ሲደመር 12 ሚሊሜትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ ዓይን የሚያህል ርዝመት ይሆናል፡፡ ላላ የምንለው ይሄንኑ ነው፡፡

ከተማችን ውስጥ የሚበዙት አነስተኛ ሞተሮች የሚጠቀሙት 428 የሚባለውን ካቴና ነው፤ ቁጥሩን ጎኑ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ፡፡ ከአንዱ ፒን መሀል እስከ ቀጣዩ ፒን መሀል 12.7 ሚሊሜትር ነው፡፡ ካቴናውን ወጠር አድርጋችሁ 21 ፒን ቁጠሩ፤ ከመጀመሪያው መሀል እስከ 21ኛው መሀል ሃያ ክፍተት አለ፡፡ አዲስ ከሆነ 254 ሚሊሜትር ይመጣል፡፡ 256 ተኩል ከደረሰ አንድ በመቶ አልቋል ማለት ነው፣ እኔ ብሆን እዚያ ላይ ገንዘብ መያዝ እጀምራለሁ፡፡ 259 ከደረሰ ሁለት በመቶ ሞልቷል፣ ክርክር የለም፡፡ አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ እንዳትተዉት፤ ካቴና ሁሉም ጋ እኩል አያልቅም፣ ሶስት አራት ቦታ ለኩና የረዘመውን እመኑ፡፡ ትልልቅ ሞተር የያዛችሁ፣ 520 ከሆነ ያው ሃያ ክፍተት አዲሱ ላይ 317 ሚሊሜትር ተኩል ነው፤ የእናንተን ማስመሪያ ከልብስ ሰፊ ተዋሱ፡፡

አሁን ወደ መቁረጡ እንመለስ፡፡ ጥንድ ዓይን ማውጣት ማለት ከ25 ሚሊሜትር በላይ መቀነስ ነው፡፡ አዲስ ሆኖ በትክክለኛ ልኩ የገባ ባለ 120 ካቴና ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፡፡ በዚህ ላይ 25 ሚሊሜትር ከጨመረ 1.7 በመቶ ረዝሟል፡፡ ስለዚህ ጥንድ ዓይን ወጥቶለት ጎማው አዲስ ሲገጠም ወደነበረበት ቦታ የተመለሰ ካቴና በቁሙ የሞተ ካቴና ነው! መካኒኩ ሁለት ዓይን አወጣ እንጂ የቀሩትን 118 አላደሳቸውም፡፡ ቀሚስ አሳጠሩ እንጂ ጨርቁን አልቀየሩም፡፡

«ማስመሪያ የለኝም» የሚል አለ? እሺ፡፡ ከኋላ ወደ ኋለኛው ጥርስ ሂዱና ካቴናውን ጥርሱ መሀል አካባቢ በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡት፡፡ ጤነኛ ከሆነ ተጣብቆ ይቀራል፡፡ ተነስቶ የጥርሱን ግማሽ ካሳያችሁ ነገሩ አልቋል፡፡ የጥርሱን ቅርጽም እዩ፤ አዲስ ጥርስ ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ያለቀ ግን እንደ ማጭድ ወደ አንድ በኩል ይጎብጣል፡፡ የፊተኛውን ጥርስ ደግሞ አትርሱት፡፡ ክዳን ስር ስለተደበቀ ማንም አያየውም፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚያልቀው ግን እሱ ነው፡፡ ፊት 15፣ ኋላ 42 ጥርስ ቢኖር የኋላው አንዴ ሲዞር የፊቱ ሶስት ጊዜ ሊዞር ምንም አይቀረውም፡፡ ስራው የሚበዛበት እሱ፣ የሚረሳው እሱ፡፡

ብዙ ሰው የሚያጉረመርመው እዚህ ጋ ነው፡- «ካቴናው ካለቀ ካቴናውን ልቀይር፣ ሁለቱን ጥርስ ለምን?» እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፡፡ ነገር ግን ያለቀ ጥርስ ቅርጹን ያበላሸው ከረዘመው ካቴና ጋር አብሮ እየኖረ ነው፡፡ አዲሱን ካቴና ስታለብሱት አይገጥሙም፤ ሸክሙ ሁሉም ጥርስ ላይ መከፋፈሉ ቀርቶ ጥቂቶቹ ላይ ይወድቃል፣ አዲሱም በአጭር ጊዜ እንደ አሮጌው ይሆናል፡፡ በተቃራኒው አሮጌ ካቴና አዲስ ጥርስ ላይ ብታደርጉ ጥርሱን ይበላዋል፡፡ ስለዚህ ሶስቱ አብረው ይገቡ፣ አብረው ይውጡ፡፡ ዋጋውን አልጠቅስም፤ እኔ ጽፌ እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል፡፡ ውድ እንደሆነ ግን አልክድም፡፡ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ያገለገለ ጥርስ በርካሽ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ ጎብጦ ከሆነ ግን የገዛችሁት የሰው ችግር ነው፡፡

መካኒኮቹን ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ነው፡፡ አንዱን ስጠይቀው ምን አለኝ? «ሙሉውን እንቀይር ስል ሌባ ይሉኛል፤ ስቆርጥላቸው ይመርቁኛል»፡፡ እውነቱን ነው፡፡ እኛ ነን ምርቃቱን የምንሰጠው!

ደግሞ እኛ ነጂዎቹ ራሳችን የምንገድለው ካቴና ቀላል አይደለም፡፡ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ «ቀባሁት» የሚል አለ፡፡ ያ ዘይት ከሞተር የወጣ ቆሻሻ ነው፤ ላዩ ላይ የበጋ አቧራ ወይም የክረምት ጭቃ ሲጨመርበት የሞረድ ስራ ይሰራል፡፡ በላምባ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ከውስጥ በኩል ማንጠባጠብ ይሻላል፡፡ ካቴናው ባለ ጎማ ቀለበት ከሆነ ቤንዚን አታስነኩት፡፡ ሌላው ደግሞ እንደ ክራር ክር የሚወጥር አለ፡፡ በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ወደ ላይና ወደ ታች መጫወት አለበት (የእናንተን ሞተር ልክ መመሪያው ላይ እዩ)፡፡ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ካቴናውንም ኩሽኔታውንም ይጨርሳል፡፡ ጎማውን ስታዞሩት አንድ ቦታ ላይ የሚላላ፣ ሌላ ቦታ ላይ የሚወጠር ከሆነ ግን በማስተካከል አትድከሙ፣ ካቴናው አንዱ ጋ ከሌላው ይበልጥ አልቋል፡፡ አዲሱን ስታስገጥሙም የማያያዣዋን ክሊፕ ተመልከቱ፤ የተዘጋው ጫፏ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፡፡ በተቃራኒው ከገባች የሆነ ነገር ነክቷት ልትወጣ ትችላለች፡፡

«ታዲያ ገንዘቡን ከየት እናምጣ?» ትሉኛላችሁ፡፡ ጥያቄው የሚመለሰው እኮ ውሉ ላይ ነው፡፡ በገቢ የሚሰራ ልጅ ሞተር ሲረከብ ካቴናውን ለክቶ፣ ቁጥሩን ባለቤቱ ፊት ጽፎ፣ «257 ሲደርስ ሶስቱም በባለቤት ይቀየራል» ብሎ ይፈራረም፡፡ አንድ መስመር ናት፡፡ ቅባቱና ማስተካከሉ የነጂው፣ ዕቃው የባለቤቱ፡፡ እግሩን አሲዞ የሚሰራው ነጂው ሆኖ ሳለ «ገና ነው» የሚለው ቤቱ የተቀመጠው ሰው መሆኑ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ፡፡

የአክስቴ ልጅ አሁን ድኖ ወደ ስራው ተመልሷል፣ ያችው ሞተር ላይ፣ እኚያው ባለቤት ጋ፡፡ ከአደጋው በኋላ የተገጠመላት ካቴናው ብቻ ነው፤ ጥርሶቹ የድሮዎቹ ናቸው፡፡ ማስመሪያዋን ግን ከወንበሩ ስር አስቀምጧታል፡፡ ባለፈው ቅዳሜ ለካው፤ 257፡፡ ደውሎ «ጋሼ፣ ደርሷል» አላቸው፡፡ «እስከ ወር መጨረሻ አዝግማት» አሉት፡፡ ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ወስዶ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠላቸው፡፡ ይሄን ስጽፍ ሐሙስ ነው፣ እስካሁን አልደወሉለትም፡፡