የአፍንጮ በር መናፈሻና የቃኘው ዘማቾች

በአዲስ አበባ ከተማ አፍንጮ በር በሚባለው ሰፈር ለኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ የተሠራ አንድ ትንሽ መናፈሻ አለ፤ በውስጡም ሐውልትና የዘመቻውን ታሪክ የሚያስረዳ አዳራሽ ይገኛል። በ1996 ዓ. ም. ከአዲስ አበባ ጋራ የእኅትማማችነት ውል የተዋዋለችው ቹንቾን የምትባል የኮርያ ከተማ ለሥራው ረድታለች። ስፍራው ጠባብ ስለ ሆነ በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ልብ አይለውም።

በ1928 ዓ. ም. ኢትዮጵያ በግፍ በተወረረች ጊዜ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ድረስ ሄደው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ቢሉ የሚረዳ አልተገኘም። በ1942 ዓ. ም. ኮርያ በተጠቃች ጊዜ ግን ያች ዳኛ አጥታ የነበረች ሀገር የሩቅ ሰው ጉዳይ ነው ብላ ዝም አላለችም። በልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው ተብሎ የተሰየመው፣ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው ሻለቃ ጦር በሚያዝያ 1943 ዓ. ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻገረ። በሐምሌ 1945 ዓ. ም. የተኩስ ማቆሚያው ውል እስኪፈረም ድረስ እየተተካ በዘመተው ጦር ከ120 የሚበልጡ ሞተዋል፤ ከ500 የሚበልጡ ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አንድ ስንኳ የለም። ዘማቾቹ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን የኮርያ ሕፃናት ሰብስበው መርዳታቸውም ከጀግንነታቸው የማያንስ ሥራ ነው።

ኮርያውያን ይህን አልረሱም። በ1960 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በቹንቾን ሐውልት ተመርቋል፤ ብዙም ሳይቆይ በአጠገቡ የኢትዮጵያን ቡና የሚያቀርብ፣ በኢትዮጵያ ስም የተጠራ ቤት ተከፍቶ ከኀምሳ ዓመት በላይ ዘልቋል።

በገዛ ሀገራቸው የሆነው ግን የሚያሳዝን ነው። ከ1966 ዓ. ም. በኋላ ሥልጣን የያዘው ደርግ ከሰሜን ኮርያ ጋራ ስለ ተወዳጀ የኮርያ ዘማች መባል የሚያኰራ መሆኑ ቀርቶ የሚደበቅ ነገር ሆነ፤ ኒሻናቸውን የሸሸጉ ሽማግሎች ነበሩ። ባዕድ ያከበረውን የራሱ ወገን ሲያቃልለው ማየት ለማንም ሕዝብ ክብር አይሆንም።

በሕይወት ያሉት ዘማቾች ዛሬ ዕድሜያቸው ዘጠና የደረሰና ያለፈ፣ ቍጥራቸውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ለመናፈሻው ዘበኛና አትክልተኛ መመደብ ብቻ አይበቃም። የትምህርት ሹማምንት ተማሪዎችን ወደዚያ ቢልኩ፣ የአድባራት አለቆችም የሞቱትን በየዓመቱ በጸሎት ቢያስቡ ተገቢ ነው። ከሁሉ የሚያስቸኵለው ግን ሽማግሎቹ መናገር ሳይሳናቸው ያዩትን ከአንደበታቸው አስጽፎ በዚያው አዳራሽ ማኖር ነው፤ ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ጸሓፊና የአንድ ዓመት ትጋት ነው።