ሩዙን ለድስት፣ ሲሊካ ጄሉን ለአይሲ

ለዲፓርትመንታችን ወርክሾፕ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር አያለሁ፡፡ ካርቶኑ ይከፈታል፤ የታሸገው ከረጢት በመቀስ ይቆረጣል፤ አይሲዎቹ ወደ መሳቢያ ይገባሉ፤ «አይበላም» የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሿ ነጭ ከረጢት ግን ቅርጫት ውስጥ ትወረወራለች፡፡ በእኔ አስተያየት ይህ ትልቅ ብክነት ነው፡፡ ሲሊካ ጄል ለማሸጊያ ማሟያ የተጨመረ ነገር አይደለም፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛው ዕቃ ጠባቂ ነው፡፡

እኔ የወረታ ልጅ ስለሆንኩ ስለ እርጥበት ነጋሪ አያስፈልገኝም፡፡ የፎገራ ሜዳ ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋና ርብና ጉማራ የሚያቋርጡት በመሆኑ ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል፡፡ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለውን ጎርፍ ታላላቆቻችን ዛሬም ያነሱታል፡፡ ሩዝ ይህን አየር ይወደዋል፣ አይሲ ግን አይወደውም፡፡ ከተማችን «ደረቅ ወደብ» ያላት መሆኑም የአየሩን ጠባይ አልቀየረውም! በሐምሌና በነሐሴ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ጨው እንኳ በዕቃው እንዳለ ይረጥባል፡፡

ሩዝን ካነሳን አይቀር፣ «ስልክህን ውኃ ከነካው ሩዝ ውስጥ ቅበረው» የሚባለውን እንይ፡፡ የሩዝ አገር ልጆች ስለሆንን ይህን ምክር ከሌላው ሰው ይበልጥ እናምነዋለን መሰለኝ፡፡ ሒሳቡ ግን አያስኬድም፡፡ በጆንያ የሚቀመጥ ሩዝ ራሱ ከ13 እስከ 14 በመቶ ውኃ አለው፤ ይህም ከ65 እስከ 70 በመቶ ገደማ እርጥበት ካለው አየር ጋር የሚመጣጠን ነው፡፡ ስለዚህ በዙሪያው ያለውን አየር ከዚያ በታች ሊያደርቀው አይችልም፡፡ አፕል ኩባንያም በ2016 ዓ.ም. የረጠበ ስልክ ሩዝ ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ የሩዙ ብናኝ ሊጎዳው እንደሚችል መክሯል፡፡ ዘር የሚያስቀምጡ አንዳንድ ሰዎች ሩዝን በደንብ ቆልተው እንደ ማድረቂያ ይጠቀሙበታል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ውኃው በእሳት ወጥቶለታልና፡፡

ሲሊካ ጄል በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት ነው፡፡ የውኃ ትነት በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፡፡ የአንድ ግራም ውስጣዊ ገጽ እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ሦስት ግራሙ ሩብ ሄክታር ማሳ ሊያክል ምንም አይቀረው፡፡ ሲጠግብ ደግሞ በ120 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓት ቢሞቅ ውኃውን ይተፋና እንደገና ይሠራል፡፡ ቅርጫት ውስጥ የምንጥለው እንግዲህ ይህንን ነው፡፡

«እኛ በእጅ ነው የምንሠራው፣ ይሄ የፋብሪካ ጣጣ ነው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ፡፡ ግማሹ እውነት ነው፡፡ የአይሲ ፕላስቲክ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ፋብሪካ ውስጥ ቦርዱ በሙሉ ወደ 250 ዲግሪ ሲሞቅ ያ ውኃ በድንገት እንፋሎት ሆኖ ፕላስቲኩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፡፡ ባለሙያዎቹ «ፖፕኮርን» ይሉታል፤ ፈንዲሻ ብንለው ያስኬዳል፡፡ በሶልደሪንግ አይረን እግሩን ብቻ ስናሞቅ ይህ ብዙም አያሰጋም፡፡ ነገር ግን ስልክ ጠጋኞች አይሲ የሚነቅሉትና የሚተክሉት በሙቅ አየር ነው፤ ከመካከላችንም ነገ እዚያ ወንበር ላይ የምንቀመጥ ጥቂቶች አይደለንም፡፡ ለእርጥበት ባለው ስስነት ደረጃ 3 የተባለ አይሲ ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ 30 ዲግሪና 60 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል የሚፈቀድለት 168 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ሳምንት ብቻ ነው፡፡ የእኛ መሳቢያ ውስጥ ያሉት ስንት ክረምት አለፋቸው? በእጅ ለሚሠራውም ቢሆን ቆይቶ የአይሲው እግር ይበላሽና ሶልደር አልይዝም ይላል፤ ተማሪው ሰርኪዩቱ ለምን እንዳልሠራለት ሲፈልግ ሴሚስተሩ ያልቃል፡፡

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም፡፡ ክዳኑ ጎማ ያለውና አየር የማያስገባ ዕቃ ይገዛ፤ የተከፈተ አይሲ ሁሉ የተከፈተበት ቀን ተጽፎበት ከሲሊካ ጄል ጋር እዚያ ይግባ፡፡ ፌስታል አይሆንም፣ ትነት ያሳልፋል፡፡ ሮዝ ቀለም ያላት ፕላስቲክም ከስታቲክ እንጂ ከእርጥበት አትጠብቅም፤ ብዙዎቻችን ሁለቱን እናምታታለን፡፡ ጄሉን ለማደስ ሙቀቱ የሚስተካከል የላብራቶሪ ማድረቂያ ምድጃ ይበቃል፡፡ (ምጣድ ላይ እንሞክረው የምትሉ፣ ተዉት፤ ሙቀቱ አይታወቅም፣ ወረቀቱም ይቃጠላል፡፡) ከመሞቁ በፊትና በኋላ በሚዛን ብንለካው ስንት ግራም ውኃ እንደያዘ እናውቃለን፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጥሩ የላብራቶሪ ሥራ ይወጣዋል፡፡ ቀለም የሚቀይር ጄል ከተገዛም ከሰማያዊ ወደ ሮዝ የሚሄደው ይቅር፤ ቀለሙ የሚመጣው ከኮባልት ክሎራይድ ነው፣ ብናኙም ለጤና አይበጅም፡፡ ብርቱካናማው ይሻላል፡፡

ሥራው ሰኔ ሳይገባ ቢጀመር መልካም ነው፤ ዘንድሮ የመጡት አይሲዎች ከረጢታቸው ገና አልተቆረጠም፡፡