ፊርማችን የጎደለበት ውል

ይህ ጥሪ ከሁሉ በፊት ዕድሜያቸው ሠላሳ ላልሞላ የሆለታ ልጆች ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁም ጆሮ ስጡኝ፤ ጉዳዩ የጋራችን ነው።

ብዙዎቻችሁ ነፍስ ያወቃችሁት የአበባ እርሻዎቹ በአምቦ መንገድ አካባቢ ከተተከሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ነጩ የፕላስቲክ ጣሪያ እንደ ወጨጫ ተራራ ከጥንት የነበረ ይመስላችኋል። አልነበረም። በ1990ዎቹ መንግሥት መሬት በኪራይ፣ ብድር በልማት ባንክ፣ የግብር እፎይታ በሕግ አዘጋጅቶ ባለሀብቱን ጠራ፤ ባለሀብቱም አላቅማማም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀዝቃዛ ሌሊት፣ ብሩህ ቀን፣ ቅርብ አውሮፕላን ማረፊያ! ለጽጌረዳ ከዚህ የተሻለ አገር ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። ይህን ላጣጥል አልተነሣሁም፤ በዚህ ሥራ እንጀራ የሚበላ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ውሉን ግን ከእናንተ ማን አንብቦታል? መሬቱን ያከራየው መንግሥት ፈረመ፤ የተከራየው ባለሀብት ፈረመ። ከመሬቱ የተነሣው ገበሬም ካሳውን ሲቀበል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈርሟል፤ ያ ግን የደረሰኝ ፊርማ ነው። ገንዘብ መቀበሉን ያረጋግጣል እንጂ ከጉድጓዱ በቀን ስንት ውኃ እንደሚወጣ፣ የታጠበው ኬሚካል ወዴት እንደሚፈስ፣ ልጁ ከቀን ሠራተኝነት አልፎ ምን ሊሆን እንደሚችል አንድም ቃል አይናገርም። የዚህ ትውልድ ድርሻ በዚያ ውል ውስጥ የጎደለውን ሦስተኛ ወገን መሆን ነው። እንዲህ ያለው ወገን ይጠይቃል፣ ይለካል፣ ይፈርማል፤ በፈረመውም ይጠየቃል።

እስቲ ወደ እርሻው እንግባ። ጎሕ ሳይቀድ ሠራተኛ የምታመላልሰው መኪና ሴቶቹን ታወርዳለች። ጽጌረዳ ፀሐይ ሳይጠነክርበት መቆረጥ አለበት። ቆራጯ እንቡጡ ስንት ቅጠል ሲገልጥ መቀስ እንደሚያርፍበት በዓይኗ ብቻ ታውቃለች፤ ቢፈጥን አይከፈትም፣ ቢዘገይ ገበያ ሳይደርስ ይረግፋል። ከዚያ ባልዲ ውኃ፣ ከባልዲ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከዚያ በዘንግ ርዝመት መለየት፣ ማሰር፣ በካርቶን ማሸግ፣ ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ቦሌ፣ ከቦሌ አውሮፓ። ፈረንጆች የፍቅረኞች ቀን ሊያከብሩ ጥቂት ሲቀራቸው ሥራው ይጦፋል። ለዓመታት ይህን የሠራች ሴት የጽጌረዳ ባለሙያ ናት፤ በደመወዝ ወረቀቷ ላይ ግን የቀን ሠራተኛ ተብላ ልትቀር ትችላለች። ቀይ ሸረሪት የተባለውን ተባይ በመርዝ ብቻ መግደል ቀርቶ አዳኝ ሸረሪት ለቆ ማስበላት በአገራችን እርሻዎች ከተለመደ ቆይቷል። የአበባና አትክልት አምራች ላኪዎች ማኅበርም በ1999 ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የተባሉ ደረጃዎች ያሉት የአሠራር ደንብ አውጥቷል። መልካም ነው። ታዲያ ከአጥሩ ውጪ ያለው ጎረቤት «እናንተ የትኛው ደረጃ ላይ ናችሁ?» ብሎ የጠየቀው መቼ ነው?

ባለቤት ይለዋወጣል፤ ጎረቤት ግን የትም አይሄድም። ሰበታ ላይ በ1950ዎቹ የተቋቋመውን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ተመልከቱ። ደርግ ወረሰው፤ ኋላም የእንግሊዙ ዲያጆ እ.ኤ.አ. በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ አሥር ዓመት ቆይቶ ለፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን አስረከበ። የሰበታ ሰው ይህን ሁሉ ያወቀው እንደ ማንኛውም ሰው ከዜና ነው። ቡራዩ ያለው የገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ ኖሯል፤ ሱሉልታ ውኃ አሽጋ ትልካለች፤ ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ ቧንቧ የሚጠብቅ ሰው ግን በሁለቱም ዘንድ ብርቅ አይደለም።

ያልተጠየቀ ሕዝብ አንድ ቀን ሳይጠየቅ ይናገራል። በኅዳር 2008 ከእኛ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ ባለችው ጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ የአዲስ አበባንና የዙሪያውን የተቀናጀ ማስተር ፕላን አስቀረ፤ ጥር ላይ መንግሥት ዕቅዱን መተዉን አስታወቀ። የሰው ሕይወት ግን ጠፍቶ ነበር። በ2009 መባቻ፣ ከቢሾፍቱው የእሬቻ ዕለት እልቂት በኋላ በነበሩት ቀናት፣ ሰበታ የሚገኘው የቱርኮቹ ሳይጅን ዲማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቃጠለ። በማግስቱ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ያው የሰፈሩ ልጅ ነው። ቁጣው መነሻ አልነበረውም የሚል ይዋሻል። ማቃጠሉ መፍትሔ ነበር የሚለውም እንደዚያው። «አካባቢው ሰላም አይደለም» እያለ የሚያማርር ባለሀብት ደግሞ አጥሩን ከፍ ከማድረጉ በፊት በሩን ስንት ጊዜ እንደከፈተ ራሱን ይጠይቅ።

ሕዝብ አስቀድሞ ሲጠየቅ ምን እንደሚመስል ለማየት የሩቅ አገር ነገር ላንሣ። ግሪንላንድ በዓለም ጫፍ፣ በበረዶ ላይ የተቀመጠች፣ ሕዝቧ 56 ሺህ ገደማ የሆነ አገር ናት። ኑሮዋ ዓሣ ነው። በደቡብ ጫፏ ናርሳቅ የምትባል 1,300 ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች፤ ከጎኗ ባለው ተራራ አንድ የአውስትራሊያ ኩባንያ ብርቅ ማዕድናትን ከነዩራኒየማቸው ሊያወጣ ለዓመታት ሲዘጋጅ ቆየ። ገሚሱ ሥራ ይመጣል አለ፤ ገሚሱ አቧራው በጎቻችንንና ዓሣችንን ይበክላል አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሪቱ ምርጫ በዚሁ ጉዳይ ላይ ተደረገ፤ ማዕድኑን የተቃወመው ፓርቲ አሸነፈ፣ በዚያው ዓመት ዩራኒየም ማውጣትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ኩባንያውም በግልግል ዳኝነት ከሰሰ። እኔን የገረመኝ እምቢታው አይደለም። በዚያች አገር ማዕድን ሊቆፍር የሚመጣ ድርጅት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከመንግሥትና ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ሆኖ ለአካባቢው የሚያደርገውን በሦስትዮሽ ውል ይፈርማል፤ ስንት ሰው እንደሚቀጥር፣ ማንን እንደሚያሠለጥን፣ ከማን እንደሚገዛ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ጥቂት ሕዝብ ይህን ማድረግ ከቻለ «እኛ ማን ነን?» የሚለው ሰበብ አያዋጣም። ከክሱ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ፤ ኩባንያው ዓመታትና ገንዘብ ካፈሰሰ በኋላ የመጣ እምቢታ ዋጋው ውድ ነው። መጠየቅ ያለበት በመጀመሪያው ቀን ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ግን እስከ በረዶው መሄድ አያስፈልግም፤ ከቤታችን አለ። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከመካከላችን አለ። ከዚያ የወጡትን ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉ የድንች ዝርያዎች የማያውቅ ደጋ ገበሬ የለም። ነገሩ የተሳካው ተመራማሪው ብቻውን ስለሠራ አይደለም። ማዕከሉ ንጹሕ ዘር ሰጠ፤ የወልመራና የጀልዱ ገበሬ በማሳው አባዝቶ ዘር ሻጭ ሆነ። ከጭራሮና ከእንጨት የሚሠራው፣ ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነው የዘር ጎተራም አብሮ መጣ። ድንቹ በብርሃን ላይ ተደርድሮ ሲቆይ ጉንቁሉ አጭርና ጠንካራ ይሆናል፤ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቆየው ነጭና ቀጭን ሆኖ አይሰበርም። ተመራማሪና ገበሬ እኩል የሚፈላለጉበት ሥራ እንዲህ ነው።

እዚህም ጣጣ አለ። ድንቹን የሚያጠወልግ ባክቴሪያ በዘር አማካይነት ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ ይጓዛል። አንዱ የታመመውን ዘር እያወቀ ከሸጠ የማያውቀውን የሩቅ ገበሬ መሬት ለዓመታት ያበላሻል። ምርመራው ግን ከባድ አይደለም። ከጠወለገው ተክል ግንዱን ቁረጡና ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት፤ በሽታው ካለ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከቁራጩ እየወረደ ውኃው ውስጥ ይታያል። ብርጭቆና ጥቂት ደቂቃ ብቻ! አሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ የተማረ ልጅ ይሠራዋል። ለጎረቤት የሚደረግ ግዴታ በእኔ ግምት ይህን ይመስላል፤ የራስን ማሳ መርምሮ፣ ከታመመ «አልሸጥም» ማለት። ከአበባው ባለሀብት የምንጠይቀውን ግልጽነት መጀመሪያ በራሳችን ድንች ላይ እናሳይ።

በእንዲህ ያለ ጥሪ ላይ የአርበኞችን ስም ማንሣት የተለመደ ነው፤ ለማጨብጨቢያ ብቻ ሲሆን አልወድም። ሆኖም የገነት ጦር ትምህርት ቤት ከዚሁ ከተማ ነውና ልጆቹን ልለፋቸው አልችልም። በ1927 በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ትምህርት የጀመሩት ወጣቶች ኮርሱን ሳይጨርሱ የጣሊያን ጦርነት ደረሰባቸው። አዲስ አበባ ልትያዝ ስትል ከፊሎቹ ጣርማ በር ላይ ተሰለፉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ጥለው ከወጡ በኋላም ብዙዎቹ በዚሁ በአምቦ መንገድ ወደ ነቀምት ሄደው ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተቀላቀሉ። የእናንተ እኩዮች ነበሩ። ከእናንተ የሚጠየቀው ግን ከዚያ በእጅጉ የቀለለ ነው፤ ወረቀት ማንበብ፣ ስብሰባ መቀመጥ፣ ውኃ መለካት። አሰልቺ ነው፤ አልሸሽግም።

ሕጉ በእጃችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰባችሁን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ እንድትሰጡ መብት ይሰጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢው ሕዝብ አስተያየት በግምገማው እንዲካተት ያዛል። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለኢንቨስትመንት ሲባል ከመሬታቸው የሚነሡ ሰዎች ከኢንቨስትመንቱ ድርሻ ሊኖራቸው የሚችልበትን በር ከፍቷል። በሩ እስኪንኳኳ ግን ማንም ከውስጥ ወጥቶ አይጠራችሁም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ደግሞ የሚንኳኳው ቢሮ ተቀይሯል፤ አዲሱን አድራሻ ፈልጉ።

አባ ገዳዎች፣ የእድር ዳኞች፣ እናቶች፤ እናንተ ልጆቹ ሲናገሩ «ዝም በሉ፣ ሥራችንን እንዳታሳጡን» አትበሏቸው። ከፊት ቁሙ፤ ሽምግልናው የእናንተ፣ ቁጥሩ የእነሱ ይሁን። የድርጅት ባለቤቶች፤ የጉድጓዳችሁን ቆጣሪ ንባብ በየወሩ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ለዓመታት የሠራችን ባለሙያ በሙያዋ ጥሩ፣ በሙያዋ ክፈሉ፤ ለሠራተኛ ምሳ የሚሆነውን ድንች፣ ወተትና ገብስ ከዚሁ ግዙ። የማኅበር መዋጮ ከፍላችሁ ለበዓል በሬ ማረድ ልግስና ነው፤ በውል የታሰረ አጋርነት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወጣቶች፤ ሥራው በበጋው ይጀመር። የካቲትና መጋቢት ላይ የሆለታ ወንዝ ሲቀጥን ከእርሻዎቹ በላይና በታች ውኃ በንጹሕ ጠርሙስ ቅዱ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ፤ ኬሚስትሪ የምታስተምር መምህር አማክሩ፤ ምርመራውን ሊሠራ የሚችል ቤተ ሙከራ ጠይቁ። ውጤቱን ለከተማው አስተዳደርም፣ ለድርጅቱም፣ ለቀበሌውም አንድ ዓይነት ቅጂ ስጡ፤ ቢጥማችሁም ባይጥማችሁም አንድም ቁጥር አትቀንሱ፣ አትጨምሩ። ድርጅቱ የራሱን ልኬት ይዞ ከመጣ ወንበር ስጡትና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ።