የድንጋይ ከሰል አመድ ከምንጭና ከጉድጓድ ይራቅ

በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ አመድ እንደ ጎጂ ነገር አይታይም። የማገዶ አመድ ለዕቃ ማጠቢያ ያገለግላል፤ በጓሮ አትክልት ላይ ይነሰነሳል፤ ነቀዝን ለመከላከል ከእህል ጋር ይቀላቀላል። የድንጋይ ከሰል አመድ ግን ስሙ ይመሳሰል እንጂ ጠባዩ የተለየ ነው። ከሰሉ ሲቃጠል በውስጡ በጥቂቱ የነበሩት እንደ አርሴኒክ፣ እርሳስና ሴሌኒየም ያሉ ንጥረ ነገሮች በአመዱ ውስጥ ተጠራቅመው ይቀራሉ። አመዱ በሜዳ ተከምሮ ዝናብ ሲመታው ወይም ውኃ በሚያሳልፍ ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል፣ እነዚሁ ንጥረ ነገሮች እየሰረጉ ወደ ምንጭ፣ ወደ ወንዝና ወደ ጉድጓድ ውኃ ሊደርሱ ይችላሉ።

አደጋው በሌላ አገር ታይቷል። በአሜሪካ የቴነሲ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የኪንግስተን የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመው ርጥብ አመድ ታኅሣሥ 13 ቀን 2001 ዓ.ም. ግድቡን ጥሶ ወጣ። ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሆነ የአመድ ጭቃ የኤመሪን ወንዝና የአካባቢውን መሬት አለበሰ። ጽዳቱ ዓመታት ከመፍጀቱም በላይ ከ1 ቢሊዮን ዶላር ያላነሰ ወጪ ጠይቋል። በዚያች ባለጸጋ አገር እንኳ የከሰል አመድ አጣጣልን የሚመለከተው የመጀመሪያው ብሔራዊ ደንብ የወጣው ከአደጋው በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም. ነበር።

በአገራችን የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በድንጋይ ከሰል ይጠቀማሉ። ከውጭ የሚገባውንም በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት ጥረት ተደርጓል። በሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ አመዱ በአብዛኛው ከምርቱ ጋር ይዋሐዳል፤ በእንፋሎት ማሞቂያዎችና በኃይል ማመንጫዎች ግን ተራግፎ የሚጣል ነው። ከሰል ከሚገኝባቸው ሥፍራዎች አንዱ በኢሉ አባቦር የሚገኘው ያዩ ሲሆን፣ የቡና ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ አካባቢ የከሰል ልማት ሲታቀድ የአመዱ ማረፊያ አብሮ ሊታቀድ ይገባል።

ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው አርሴኒክ በውኃ ውስጥ ሲገኝ ቀለምም ሆነ ሽታ ወይም ጣዕም የሌለው መሆኑ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው መመዘኛ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በላይ የሆነውን ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው ለቆዳ፣ ለሳንባና ለፊኛ ካንሰር ሊጋለጥ ይችላል። ውኃን አፍልቶ መጠጣት ተውሳክን ይገድላል፤ አርሴኒክን ግን አያስወግድም። ስለዚህ የቤት እመቤቷ በምድጃዋ ልታስተካክለው የማትችለውን ነገር አመዱን የሚጥለው ድርጅት ከምንጩ ማስቀረት አለበት።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥንቃቄው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊሆን ይገባል። የአመድ ማጠራቀሚያ ከምንጭ፣ ከጉድጓድና ከጎርፍ መውረጃ ርቆ ይሠራ፤ መደቡ በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈርና ውኃ በማያሳልፍ ፕላስቲክ ይነጠፍ። ጥራቱ ተመርምሮ ብቁ የሆነው አመድ ለሲሚንቶ ድብልቅ ቢውል የሚጣለው ይቀንሳል። የአካባቢው ውኃ ከሥራው በፊትና ከዚያም በኋላ በየጊዜው በላቦራቶሪ ይመርመር፤ ውጤቱም ነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ይገለጽለት። የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤቶችና የውኃ ኮሚቴዎች ይህን ውጤት መጠየቅ ተግባራቸው ነው። የጤናና የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አርሶ አደሩ የከሰል አመድን እንደ ማገዶ አመድ ቆጥሮ ወደ ጓሮውና ወደ ጎተራው እንዳይወስድ ከወዲሁ ሊያስተምሩ ይገባል።