በልጅ ልክ የተሰመረ ሜዳ

ነቢዩ ዘካርያስ ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ በተናገረ ጊዜ፥ ከሰላምዋ ምልክቶች እንደ አንዱ አድርጎ የቈጠረው በአደባባይዋ የሚጫወቱትን ወንዶችና ሴቶች ልጆች ነው። የልጆች ጨዋታ በነቢይ አፍ የተነገረለት ከሆነ፥ ክርስቲያን ወላጅ እንደ ከንቱ ነገር ሊያየው አይገባም። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን በአሜሪካ አገር በአንዲት መጠነኛ ከተማ ስለ ተመሠረተው የልጆች የጨዋታ ማኅበርና ስለ ሜዳዎቹ ታሪክ ለመናገር ወደድን። ታሪኩ የሩቅ አገር ቢሆንም ጥያቄው በየቤታችን ያለ ነው፤ ይኸውም ሜዳው የልጆች ነው ወይስ የትልልቆች የሚል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ቤዝቦል ይባላል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በእንጨት ዱላ ይመታል፤ ከመታም በኋላ በአራት ማዕዘን በተቀመጡት ምልክቶች ዙሪያ ሮጦ ወደ ተነሣበት ስፍራ ለመመለስ ይጣጣራል። በትልልቆች ሜዳ ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ያለው ርቀት 90 ጫማ፥ ማለት 27 ሜትር ያህል ነው። ይህ ርቀት ለአሥር ዓመት ልጅ እጅግ ረጅም፥ የትልልቆቹም ዱላ ለክንዱ እጅግ ከባድ ነው። ከዚህም የተነሣ ትንንሾቹ ልጆች ብዙውን ጊዜ የታላላቆቻቸውን ጨዋታ ከዳር ቆመው ይመለከቱ ነበር።

በፔንሲልቫኒያ ግዛት በዊልያምስፖርት ከተማ ካርል ስቶትዝ የሚባል ሰው ነበረ። በ1938 ዓ.ም. ከሁለት ትንንሽ ዘመዶቹ ጋራ በግቢ ውስጥ ሲጫወት፥ ኳስ ለመያዝ እንደ ሮጠ የአበባ ቍጥቋጦ ጕቶ እግሩን ጐዳው። ሕመሙ እስኪበርድለት ቁጭ ብሎ ሳለ፥ ለእነዚህ ልጆች እንደ ቁመታቸው የሆነ ሜዳ፥ እንደ ክንዳቸው የሆነ ዱላ፥ እንደ ትልልቆቹም የራሳቸው ቡድንና ዳኛ ቢኖራቸው ምን ይከለክላል ሲል አሰበ። አሳቡንም በአሳብነቱ አልተወውም። የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ፥ ሩጫቸውንና ውርወራቸውን እየተመለከተ፥ ለእነርሱ የሚስማማውን ርቀት ፈተነ፤ በመጨረሻም የምልክቶቹን ርቀት 60 ጫማ፥ ማለት 18 ሜትር ያህል አደረገው።

ገንዘብ የሚረዳ ድርጅት ፍለጋም ከበር ወደ በር ዞረ። ከብዙ እንቢታ በኋላ አንድ የወተት ኩባንያ፥ አንድ የእንጨት ነጋዴ ድርጅትና አንድ ቂጣ ጋጋሪ ድርጅት ሦስት ቡድኖችን ለመርዳት ተስማሙ። የመጀመሪያው ግጥሚያ በጁን 6 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓርክ ፖይንት በሚባለው ስፍራ ተደረገ፤ የእንጨት ነጋዴው ቡድን የወተት ኩባንያውን ቡድን 23 ለ8 አሸነፈ። በትንሽነቱ ምክንያት «ሊትል ሊግ» ተባለ። በ1942 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ አራተኛ መንገድ ሜዳ ተዛወረ፤ ከሌሎች ከተሞች የመጡ ቡድኖች የተወዳደሩበት የመጀመሪያው ትልቅ ውድድርም በ1947 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ ተደረገ። ያ ሜዳ ዛሬ በስቶትዝ ስም ይጠራል።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ እጅግ አደገ። ነገር ግን እድገቱ የገንዘብ ኀይልንና የትልልቆችን ምኞት ይዞ መጣ። ስቶትዝ የማኅበሩን አካሄድ ስለ ተቃወመ ከአስተዳዳሪዎቹ ጋራ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1956 ዓ.ም. ታርቆ ከመሠረተው ማኅበር ወጣ። ዓመታዊው ውድድርም በ1959 ዓ.ም. ሳስከሃና የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ፥ በደቡብ ዊልያምስፖርት ወደ ተሠራው ወደ ላማዴ ሜዳ ሄደ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን በ1955 ዓ.ም. የሆነው ነው። በደቡብ ካሮላይና ግዛት በቻርልስተን ከተማ፥ በካነን መንገድ ባለው ወወክማ ሥር የተደራጀ የጥቍሮች ልጆች ቡድን ለግዛቱ ውድድር ተመዘገበ። 61 የነጮች ቡድኖች ከጥቍር ልጆች ጋራ በአንድ ሜዳ አንሰለፍም ብለው ወጡ። እንቢ ያሉት ልጆቹ አልነበሩም፤ ትልልቆቹ ናቸው። ማኅበሩ በዘር መለየትን የማይቀበል ደንብ ስለ ነበረው የነጮቹን አሳብ አልተቀበለም፤ ሆኖም ተጫውቶ ያላሸነፈ ቡድን ወደሚቀጥለው ውድድር አያልፍም በሚል በሌላ ደንብ እነዚያኑ የተገፉትን ልጆች አገዳቸው። ልጆቹ በእንግድነት ተጋብዘው ወደ ዊልያምስፖርት ሄዱ፤ ከተመልካች መካከል ተቀምጠውም የሌሎችን ጨዋታ አዩ። ሕዝቡ ይጫወቱ እያለ ቢጮኽም ደንቡ አልተለወጠም። የግዛታቸው አሸናፊነት ዓርማ የተሰጣቸው በ2002 ዓ.ም. ልጆቹ ሽበት ካወጡ በኋላ ነው።

ሴቶች ልጆችም በ1951 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ተከልክለው ነበር። በ1972 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት በሆቦክን ከተማ ማሪያ ፔፔ የምትባል ልጅ ሦስት ጊዜ ተጫውታ ከቡድኑ እንድትወጣ ተደረገ። ጉዳዩ ለዳኝነት ቀርቦ ለሴቶች ልጆች ተፈረደ፤ በ1974 ዓ.ም. በሩ ተከፈተ። ማሪያ ግን ዕድሜዋ ስላለፈ ልትመለስ አልቻለችም። በ2014 ዓ.ም. ሞኔ ዴቪስ የምትባል የ13 ዓመት ልጅ በዚያ በላማዴ ሜዳ ኳስ ወርዋሪ ሆና ቡድንዋን ለድል ባበቃች ጊዜ፥ ሌላዪቱ የተነፈገችውን ፍሬ በላች ማለት ይቻላል። ከአህጉራችን የመጀመሪያው ቡድን፥ የኡጋንዳው ሉጋዚ፥ የደረሰውም በ2012 ዓ.ም. ነው፤ በዋዜማው ዓመት ያሸነፉት ሌሎች የኡጋንዳ ልጆች የመግቢያ ፈቃድ ተከልክለው ቀርተው ነበር።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ስቶትዝ ሜዳውን ያሳጠረው ጨዋታውን ለማቃለል አይደለም፤ ልጁ በኀይሉ ልክ እንዲደክም ነው። የእኛም ጾም፥ ጸሎት፥ ትምህርትና ሥራ ለልጅ ሲሰጥ እንዲሁ ሊሆን ይገባል። አባቶቻችን ለሕፃን የጾሙን ሰዓት በዕድሜው መጠን መወሰናቸው ይህንኑ ስለ ተረዱ ነው። የትልቁን ሸክም በትንሹ ጫንቃ ላይ የሚጭን ወላጅ ልጁን አያበረታም፤ ያስመርረዋል።

ሁለተኛው፥ ልጅ የወላጁ ክብር መፈለጊያ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ከተማ በመጣ ቡድን ውስጥ ድንቅ የተባለው ልጅ ዕድሜው 12 ሳይሆን 14 መሆኑ ታውቆ የቡድኑ ድል ሁሉ ተሰርዟል። ያሳፈረው ግን ሰነዱን ያሳሳቱት ትልልቆች ሥራ ነው። ልጁን በውሸት ዕድሜ የሚያስመዘግብ፥ በሜዳ ዳር ቆሞ ዳኛውን የሚሳደብ አባት፥ ልጁን ከኳስ ይልቅ ሐሰትን እንዳስተማረው ይወቅ።

ሦስተኛውና ዋናው፥ ሜዳ ካለ ከሜዳው ውጭ የቆመውን ልጅ ማየት ነው። በእኛ አገር በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ እኩል መሰለፋቸው የቈየ መልካም ልማድ ነው፤ ይህ መልካም ልማድ ግን በዓሉ ሲያልፍ አብሮ ማለፍ የለበትም። የሠራተኛዪቱ ልጅ፥ እግሩ የሰነከለው የጎረቤት ልጅ፥ ወንድምዋ ሲጫወት ውሃ የምትቀዳው እኅቱ፥ እነዚህ ሁሉ በመስመሩ ውስጥ ስፍራ አላቸውን? ደንብ ጠብቀናል ማለት ብቻ አይበቃም፤ የቻርልስተንን ልጆች ያስቀራቸውም ደንብ ነበርና።

በላማዴ ሜዳ አጥር ኋላ ሣር የለበሰ ኮረብታ አለ። ለውድድሩ መግቢያ ገንዘብ አይጠየቅም። ትልልቆቹ ውጤት ሲቈጥሩ፥ ያልተመረጡት ልጆች ካርቶን ላይ ተቀምጠው ከኮረብታው እየተንሸራተቱ ይስቃሉ። ምናልባት ነቢዩ ያየው ደስታ የዚህ ዓይነቱ ነው።

ልጆቻችንን በጥበብና በቁመት ያሳድግልን፤ ለእኛም የሚገባቸውን ስፍራ የምንሰጥበትን ልቡና ያድለን። አሜን።