ዘፈኑ የማን ነው?

ለዘንድሮው የትምህርት ዘመን መዝጊያ በዓል ስንዘጋጅ ከወላጆች አንድ ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። «ይህ ሮክ የሚሉት ጩኸት ከትምህርት ቤቱ ይውጣልን፤ ልጆቻችን ትዝታና ባቲ ይማሩ» የሚል ነው። በሌላ በኩል የሙዚቃ ክበባችን የሮክ ወዳጆች ሐሳባቸውን በጽሑፍ ሰጥተውናል። አክብሮት የበዛበት ጽሑፍ አይደለም። ባጭሩ ሦስት ነገር ይላል፦ የድሮ ዘፈን ያስተኛል፤ አሳታሚ ሁሉ ሌባ ነው፤ ስለዚህ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ ቢገለበጥ የሚበደል ሰው የለም። እኛም ሁለቱንም ወገን ካዳመጥን በኋላ የደረስንበትን ሐሳብ በዚህ የዓመት መጽሐፋችን ለማስፈር ወደድን።

ከጩኸቱ እንጀምር። የተከበራችሁ ወላጆች፣ ዛሬ ዐይናችንን ጨፍነን የምናዳምጠው ሙዚቃ በተወለደበት ዘመን ጸጥተኛ አልነበረም። ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር መድረክ ላይ ሲወጣ በአለባበሱም በአዘፋፈኑም የአሜሪካኑን ኤልቪስ ፕሪስሊን የሚያስታውስ ወጣት ነበር፤ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የተባለውም በዚሁ ነው። ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱና የኤሌክትሪክ ጊታሩ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ክራርና ማሲንቆ ለለመደ ጆሮ ያ ሁሉ እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ ግን «የእኛ» እንለዋለን፤ የእኛም ሆኗል። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበሙን አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ አድርጎለት ሲያወጣ ያደረገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የሮክን ጊታር ከሀገራችን ቅኝት ጋር አጋባ። ስለዚህ ጊታሩ ስለጮኸ ብቻ ከግቢያችን አናስወጣውም።

ወደ ተማሪዎቻችን እንመለስ። «የድሮ ዘፈን ያስተኛል» ላላችሁት መልሳችን አጭር ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ከሃምሳ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የቀረጻቸው ሙዚቃዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ በተባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተር ፊልም ውስጥ ገብተው ለዓለም ተሰሙ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ናስና ዳሚያን ማርሊ ከእርሱ ሙዚቃ ቆርጠው በራሳቸው ዘፈን ውስጥ ተጠቀሙበት። በስልካችሁ ከምትቀያየሩት የራፕ ዘፈን ሥር የአያቶቻችሁ ዘመን ዜማ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ሳይጠይቁ መናቅ የተማሪ ጠባይ አይደለም።

«አሳታሚ ሁሉ ሌባ ነው» የሚለው ግን በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ በኢትዮጵያ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ወጣት ይህን አጥር ጥሶ በራሱ ገንዘብ የዓለማየሁን ዘፈን በህንድ አገር በሸክላ አሳተመ። በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላዎችን አወጣ። ከዚያ ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ክበቦች ተዘጉ፤ አምሃም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ያ ሰው ባይደፍር ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸው ብዙ ድምፆች ከመድረክ ወርደው አየር ላይ በቀሩ ነበር። ሌባ ብላችሁ ስትጽፉ እንዲህ ያለውንም ሰው አብራችሁ እየሰደባችሁ ነው።

ሆኖም ነገራችሁ እውነት የለውም አንልም። በካሴት ዘመን ብዙ ዘፋኞች ድምፃቸውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጠው፣ ካሴቱ ምንም ያህል ቢቸበቸብ ሁለተኛ ሳንቲም አላዩም። የግጥምና የዜማ ደራሲው ደግሞ ከዘፋኙም ያነሰ ደረሰው። አንዱን ካሴት ገዝቶ በመቶ የሚያባዛው ነጋዴ ግን ለማንም ሳይከፍል አተረፈ። ኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ን ያወጣችው በ1996 ዓ.ም. ነው። የሸክላውም የካሴቱም ዘመን ካለፈ በኋላ ማለት ይቻላል። አዋጁ ስለ ገንዘብ ብቻ አይናገርም፤ የሥራው አመንጪ በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለውም ይደነግጋል። የእኛም ነገር እዚህ ላይ ነው።

እኛ የምንኖረው ባሱንዳ ነው። በገላባትና በመተማ በኩል ሰውና ሰሊጥ ሲመላለሱ ዘፈንም አብሮ ይመላለሳል። የሱዳንና የእኛ ሙዚቃ ሁለቱም በአምስት ድምፅ ስለሚሠሩ አንዱ ለሌላው ጆሮ ባዳ አይደለም። መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ በአዲስ አበባ የተወደዱት በዚህ ነው። በሱዳን ዜማ ላይ የአማርኛ ግጥም ተጭኖ የተዘፈነውም ጥቂት አይደለም። መዋዋሱ መልካም ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫራል። ክፉው ነገር ዜማው ኬላውን ሲሻገር የደራሲው ስም ኬላው ላይ መቅረቱ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ልጅ «የእኛ ነው» ይላል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውም «የእኛ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ማን እንደደረሰው አያውቁም። ከዚያ በማያውቁት ነገር ይጣላሉ።

ውድ ተማሪዎች፣ ዘፈን ስትገለብጡ የምትከፍሉት ገንዘብ የላችሁም፤ ባሱንዳም አልበም የሚሸጥ ሱቅ የለም። ይህን እያወቅን «ሳትገዙ አትስሙ» ብንላችሁ ንግግራችን ባዶ ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችሁ ወላጆቻችሁ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የሚውሉ ብዙ ናችሁ። ወር ሙሉ አርሞና አጭዶ በመጨረሻ «አንተን አላውቅህም» የተባለ ሠራተኛ ቤቱ ሲገባ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማንም አያስረዳችሁም። ሒሳቡን ማጣቱ አንድ በደል ነው፤ እንዳልሠራ መቆጠሩ ሌላ በደል ነው። ዘፈንም የሰው ድካም ነው። ገንዘቡን መክፈል ባትችሉ፣ «ይህን የሠራው እገሌ ነው» ማለት ግን ምንም አያስወጣችሁም። አሳታሚውን ሌባ የሚል ሰው ደግሞ መጀመሪያ የራሱን እጅ ያያል፤ ስም መደምሰስም ስርቆት ነውና።

ስለዚህ ከሚመጣው የትምህርት ዘመን ጀምሮ በትምህርት ቤታችን የሚከተለው ሥርዓት ይሆናል። ጊታሩ ይቆያል፤ ክራሩም ከጎኑ ይቀመጣል። በአዛንና በጸሎት ሰዓት፣ እንዲሁም ከመሸ በኋላ ድምፅ ማጉያ አይከፈትም፤ ጎረቤት ማክበር የሙዚቃ ትምህርት አንዱ ክፍል ነው። ማንኛውም ተማሪ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ከመዝፈኑ በፊት የግጥሙን ደራሲ፣ የዜማውን ደራሲና የአቀናባሪውን ስም ይናገራል። ዜማው ከሱዳን የመጣ ከሆነ ይህንንም ይናገራል። «የሕዝብ ዘፈን ነው» የሚል ቢኖር ቢያንስ ሦስት ትልልቅ ሰዎችን ጠይቆ የመጣ መሆን አለበት፤ «የሕዝብ ነው» የሚለው ቃል የስንፍና መሸሸጊያ ሲሆን አይተናልና። ለዚሁ የሚሆን አንድ ትልቅ መዝገብ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጣል፤ ተማሪዎች ያገኙትን ስም ሁሉ ይጽፉበታል። ራሳቸው የሚደርሱትንም ዘፈን ከነስማቸውና ከነቀኑ ያሰፍሩበታል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ መዝገብ ያለ እናንተ አይሞላም። ልጆቻችሁ ስልክ ይዘው ሲመጡ «ዝጋው» ከማለታችሁ በፊት «ይህን ማን ደረሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ቡና ላይ የምታንጎራጉሩትን ዘፈን ማን እንደገጠመው፣ ዜማው ከየት እንደመጣ የምታውቁትን ንገሯቸው። የማታውቁትን ደግሞ ከገዳሪፍም ሆነ ከመተማ የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ አብራችሁ ጠይቁ። ሮኩን ትወዱት ዘንድ አንጠይቃችሁም፤ የሠሪውን ስም አብረን እንድንጠብቅ ግን እንጠይቃለን።